ስለ ውኃ ማጣሪያና ስለ ቀረጡ

ክረምት በገባ ቁጥር በቡሬና በአካባቢዋ ምንጩና ወንዙ ይደፈርሳል። የደፈረሰውን ውኃ በእንስራ አኑሮ ሲጠል ቀድቶ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን በሽታ አምጪው ተሕዋስ በዓይን የማይታይ ነውና፥ የጠለለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

በጀርመን አገር ሐምቡርግና አልቶና የተባሉት ተጎራባች ከተሞች ሁለቱም ከኤልብ ወንዝ ይጠጡ ነበር። አልቶና ውኃዋን በአሸዋ አጣርታ ስታድል፥ ሐምቡርግ ሳታጣራ ታድል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ኮሌራ ሲገባ በሐምቡርግ 8,600 ያህል ሰው አለቀ፤ በአልቶና ግን በሽታው እምብዛም አልበረታም።

እንግዲህ ማጣሪያ በየቤቱ እንዲገባ በቀረጥ በኩል ምን ቢደረግ ይበጃል? ለገዢው ከደመወዝ ግብሩ ይቀነስለት የሚል ሐሳብ ቢቀርብ፥ ለመምህሩና ለጸሐፊው መልካም ነው። ከምንጭ የሚቀዳው ገበሬ ግን የደመወዝ ግብር የለበትምና ከምኑ ይቀነስለታል? ስለዚህ ከዕቃው ዋጋ ላይ ታክሱን ማንሣት ይሻላል እንላለን። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ውኃን ከመብራትና ከነጭ ጋዝ ጋር ከታክስ ነፃ ሲያደርግ፥ ውኃውን የሚያነጻውን ዕቃ በዝርዝሩ አልጠቀሰውም። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ሲተካም መጠኑ ያው 15 ከመቶ ነው። ማጣሪያው 2,000 ብር ቢሆን ታክሱ 300 ብር መሆኑ ነው፤ ለድኻ ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ምሕረቱ በደረሰኙ ላይ ካልታየ በነጋዴው ኪስ ይቀራል። ተመርምሮ ላልተረጋገጠ ዕቃም ሊሰጥ አይገባም።

እስከዚያው ውኃን ማፍላት የታመነ ዘዴ ነው። ቡሬ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃው ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላልና፥ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ለተወደደበት ቤት ውኃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን አለ፤ መጠኑ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ነው።

የሸክላ ማጣሪያ ያላችሁም፥ ሸክላው ሲደፈን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፤ ሳሙና አያስፈልገውም። ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የተጣራው ውኃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ጣሳ እየተነከረ አይቀዳ። ማጣሪያ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ይህን የመጨረሻውን ነገር በየዕለቱ እንዲከታተሉልን እናሳስባለን።