የመንገድ ዳር ሰሌዳና የወላይታ ታሪክ

በመንገድ ዳር የሚቆም የታሪክ ሰሌዳ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ብዙው መንገደኛ ስለሚያልፍበት አገር የሚያውቀው በዚያ ላይ ያነበበውን ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች በሚገናኙበት በወላይታ ሶዶ፣ ስለ ከተማዋ አመሠራረትና ዕድገት ሰሌዳ ቢቆም ምን ተብሎ ይጻፍበት?

በመጀመሪያ የነገሩን አካሄድ እንመልከት። ወላይታ በካዎ፣ ማለት በንጉሥ፣ የምትተዳደር መንግሥት ነበረች። ነገሥታቷ አገራቸውን ለመከላከል ያሠሯቸው የድንጋይ ካቦች አማዶ ኬላና እጃጆ ኬላ ይባላሉ። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር ዘመተባት። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና አጥብቀው ከተዋጉ በኋላ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከዘመቻው ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም እልቂቱንና የምርኮውን ብዛት በመጽሐፉ ጽፎታል። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የባዕድ ወራሪ ድል የተነሣው ከዚህ ከአንድ ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዘመቻው በኋላ ሰፈራ መጣ። የሰፈረው ወታደር የሚተዳደረው በገንዘብ ደመወዝ ሳይሆን ተቈጥረው በሚመደቡለት ገበሬዎች ነበር። ከነፍጥ ነፍጠኛ፣ ከመገበር ገባር የሚሉት ስሞች የወጡት ከዚህ ነው። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል። ኋላም በብዙው የደቡብ አገር መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለመንግሥት፣ ለሹማምንትና ለወታደር ሲከፈል፣ ብዙ ገበሬ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የገባሩን ሸክም ወደ ገንዘብ ግብር ቢያዞሩትም፣ ጭሰኝነት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ቆየ።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ። አማርኛችን «አገር አቀና» ይላል። ማቅናት የጐበጠውን ማስተካከል ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ሳይፈተሽ ከገባ፣ አገሪቱ ቀድሞ የጐበጠች ነበረች ብሎ ፈርዷል። «ተዋሐደ» ብንል ደግሞ ጦርነቱን ሠርግ እናስመስለዋለን። «ቅኝ ተገዛ» የሚሉም አሉ፤ ሆኖም ሊቃውንቱ ያልተስማሙበትን ፍርድ በአንድ መስመር መዝጋት የሰሌዳ ሥራ አይደለም። እኛ የምንመርጠው ማን ምን እንዳደረገ የሚናገሩትን ግልጽ ግሦች ነው፤ ዘመተ፣ ተከላከለ፣ ማረከ፣ ሰፈረ፣ ገበረ። እነዚህን ማንም ሊክዳቸው አይችልም።

ይህ ቁስል መቀስቀስ ነው የሚሉን ይኖራሉ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደግሞም እውነቱ ቢጻፍ በሰፋሪው የልጅ ልጅ ላይ የሚቀርብ ክስ አይሆንም፤ ክስ የሚመስለው ሲደበቅ ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ከየአካባቢው የሚመጣው ባለጉዳይ በርክቷል። ይህ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ የሚያነበው ነገር እውነት ይሁን። እኛም ታሪክ የምንማር ተማሪዎች በየአገራችን የቆሙትን ሰሌዳዎችና ሐውልቶች ስናነብ፣ ከዓመተ ምሕረቱ አስቀድመን ግሡን እንመርምር።