የውድድር ዘመን ሲዘጋ፦ የዲላ ደጋፊ ጥያቄና የክለብ ጽሕፈት ቤት ተጠያቂነት

የሰኔ ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ የዕቅድ አፈጻጸም የሚገመገምበትና ለቀጣዩ ዓመት ዝግጅት የሚደረግበት ወቅት ነው። የአገራችን የእግር ኳስ ውድድሮችም በአብዛኛው የሚጠናቀቁት በዚሁ ወቅት አካባቢ ነው። መሥሪያ ቤት አፈጻጸሙን በሪፖርት ሲያቀርብ፣ የእግር ኳስ ክለብ ሪፖርት ግን በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ለሁሉም በግልጽ ተጽፎ ይታያል። ሰንጠረዡ ክለቡ ስንተኛ እንደወጣ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። ምክንያቱን የሚጠይቀው ደጋፊው ነው።

ይህ ጥያቄ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞንም የሚነሳ ነው። ጽሑፉ አንድ ክለብ እንደተጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ደጋፊው ምን ምን ነገሮችን ሊመዝን እንደሚገባውና ክለቡን የሚመሩ አካላት ለየትኞቹ ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት እንደሚኖርባቸው በአገራችን ክለቦች ተሞክሮ አስደግፎ ያብራራል።

ዲላ፣ ጌዴኦና እግር ኳስ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከስድስቱ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። ዞኑ በይርጋጨፌ ቡናው በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ቡና፣ እንሰትና አገር በቀል ዛፎችን አጣምሮ የያዘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በስፖርቱ ዘርፍ የዞኑንና የከተማዋን ስም አጣምሮ የያዘው ጌዴኦ ዲላ በኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ከተሳተፉ ክለቦች አንዱ ነው። ክለቡ በሊጉ የተፎካከረው እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና መከላከያ ካሉ የተቋማት ቡድኖች እንዲሁም እንደ ሀዋሳና አዳማ ካሉ ትላልቅ ከተሞች ክለቦች ጋር ነው። አንድ የዞን ክለብ ከእነዚህ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መሰለፉ በራሱ ስኬት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው የደጋፊ ተስፋ ከፍ ማለቱም ተፈጥሯዊ ነው።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ የከተማና የዞን ክለቦች ሁሉ፣ የዚህ ዓይነት ክለብ መሠረቱ የአካባቢው አስተዳደር ድጋፍ ነው። በበርካታ አካባቢዎች ነጋዴው በመዋጮ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ከወር ደመወዙ በሚቆረጥ ገንዘብ ክለቡን ይደግፋሉ። በመሆኑም በዚህ ጉዳይ ደጋፊው ተመልካች ብቻ ሳይሆን የወጪው ተጋሪ ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች የተፈናቀሉበት አካባቢ እንደመሆኑም፣ ለስፖርት የሚመደብ እያንዳንዱ ብር ከሌሎች አንገብጋቢ ፍላጎቶች ጋር እየተመዘነ የሚወጣ ነው። ስለ አንድ ደካማ የውድድር ዘመን የሚቀርብ ጥያቄ ከስሜት በላይ ክብደት የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሠልጣኙ ነው ወይስ ጽሕፈት ቤቱ?

ውጤት ሲጠፋ በቅድሚያ ጣት የሚቀሰረው በአሠልጣኙ ላይ ነው። አሠልጣኝ ማሰናበት በአንድ ደብዳቤ የሚፈጸም፣ ለደጋፊውም ቶሎ የሚታይ እርምጃ በመሆኑ የክለብ አመራሮች ይመርጡታል። ይሁን እንጂ የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ጉዳዩን በጥንቃቄ መመልከት እንደሚገባ ያስረዳል።

ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም የመጀመሪያ ተሳትፎው ቅዱስ ጊዮርጊስን አስከትሎ ዋንጫውን አነሳ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ከሀዋሳ ከተማ ቀጥሎ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ውጪ የወሰደ ሁለተኛው ክለብም ሆነ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊ በአገሩ ሜዳ 1 ለ 0 ያሸነፈው ይኸው ክለብ ነው፤ ምንም እንኳ በድምር ውጤት ቢሰናበትም። ከዋንጫው አራት ዓመታት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም፣ ጅማ አባ ጅፋር ከሊጉ ወረደ።

በአንጻሩ ክለቡን ለዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተዛውረው በ2011 ዓ.ም ሌላ ዋንጫ አነሱ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሦስተኛ የሊግ ዋንጫቸውን አገኙ። አንድ አሠልጣኝ በሦስት የተለያዩ ክለቦች ማሸነፍ መቻሉ የሙያ ብቃቱን ያሳያል። የክለቡ ጉዞ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል፦ ድል በአንድ ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ ድሉን ማቆየት ግን አሠልጣኝና ዋና ዋና ተጫዋቾች ሲለቁ ቦታቸውን የሚሸፍን፣ ውል የሚያድስና ደመወዝ በወቅቱ የሚከፍል ጽሕፈት ቤት ይፈልጋል።

የበጀት አቆጣጠርና የውድድር አቆጣጠር

የክለብ ጽሕፈት ቤት ሥራ ለደጋፊ ከማይታይባቸው ቦታዎች አንዱ የገንዘብ ፍሰት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የተጫዋቾች ዝውውርና የውል ድርድር በአብዛኛው የሚካሄደው በክረምቱ ወራት ነው። በጀት ጸድቆ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ባሉት ሳምንታት፣ ገንዘብ በእጁ ያለው ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ሲያስፈርም ሌላው የቀረውን ይመርጣል። እንደ ጌዴኦ ባለ ቡና አብቃይ አካባቢ ደግሞ የነጋዴውና የአርሶ አደሩ እጅ የሚረጥበው ቡና ከተሰበሰበና ከተሸጠ በኋላ፣ ማለትም ውድድሩ ከተጀመረ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። መዋጮን ተስፋ አድርጎ በነሐሴ ወር ውል የሚፈርም ክለብ የሚገባው ገንዘብና የሚወጣው ገንዘብ በጊዜ አይገናኙለትም።

የዚህ አለመጣጣም ውጤት የደመወዝ መዘግየት ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ፊፋ በ2010 ዓ.ም ባሻሻለው የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት፣ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በአግባቡ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ ቢያንስ የ15 ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ክፍያው ካልተፈጸመለት ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የክፍያ ደብዳቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መዘግየቱ ከአስተዳደራዊ ጉድለት አልፎ በውድድሩ አጋማሽ ቡድኑን ተጫዋች ሊያሳጣ ይችላል።

የወጪው ዕድገትም በራሱ ችግር ሆኖ ቆይቷል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ የተቀመጠ ቢሆንም፣ ከጣሪያው በላይ ክፍያ ይፈጸማል የሚለው ቅሬታ አልቆመም። ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር የክለቦች የፋይናንስ አስተዳደር መመሪያ አውጥቶ ወደ ሥራ የገባውም ይህንኑ ሥርዓት ለማስያዝ ነው።

በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠል

ሁለተኛው የጽሕፈት ቤት ሥራ የገቢ ምንጭን ማስፋት ነው። በ2005 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ደደቢት በአንድ ወቅት ስመ ጥር ተጫዋቾችን በማሰባሰብ የሚታወቅ ክለብ ነበር። የገንዘብ ድጋፉ ሲቀንስ ግን ተጫዋቾቹ ተበተኑ፤ ክለቡም በ2011 ዓ.ም ከሊጉ ወረደ። በቅርብ ዓመታት ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም፣ ወደ ኢትዮጵያ መድን ደግሞ በ2017 ዓ.ም መሄዱ የተረጋጋ ገቢ ያላቸው ተቋማት ያላቸውን ብልጫ የሚያመለክት ነው።

የከተማና የዞን ክለቦች የሜዳ መግቢያ ገቢን እንደ አማራጭ ቢያዩም ይህም ተዳክሟል። ከ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ለዓመታት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ የሴቶቹም ሊግ በተመሳሳይ ሁኔታ ተካሂዷል። በዚህ አሠራር ደጋፊው ቡድኑን በገዛ ከተማው ማየት አልቻለም፤ ክለቡም በአንድ በኩል የቲኬት ገቢ ሲያጣ በሌላ በኩል ለሆቴልና ለትራንስፖርት ተጨማሪ ወጪ አውጥቷል። የወንዶቹ ሊግ በ2013 ዓ.ም ከቴሌቪዥን ስርጭት መብት ሽያጭ ገቢ ማግኘት መጀመሩ ጫናውን ሲያቃልል፣ ከዚያ ሊግ ውጪ ያሉ ክለቦች ግን የዕድሉ ተጠቃሚ አልሆኑም።

ከአጎራባች ክለቦች የሚገኝ ትምህርት

አነስተኛ አቅም ሁልጊዜ አነስተኛ ውጤት ማለት አይደለም። ለዲላ ቅርብ የሆነችው ሀዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሁለት ጊዜ አንስታለች። ከተማዋ እንደ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ ያሉ በብሔራዊ ቡድን የደመቁ ተጫዋቾችን አፍርታለች። የወላይታ ድቻም ተሞክሮ የሚጠቀስ ነው። ክለቡ በ2009 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዋንጫን ካሸነፈ በኋላ በመጋቢት 2010 ዓ.ም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት አሸንፎ ከውድድር አስወጥቷል።

በሴቶቹ ዘርፍ ደግሞ ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ በሀዋሳ ከተማ ተጫውታ በደደቢት፣ በአዳማ ከተማና በንግድ ባንክ ተከታታይ ስኬት አስመዝግባለች፤ በማልታ ሊግም ተጫውታለች። ከትንሽ ከተማ የሚወጣ ተሰጥኦ የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ለጌዴኦ ወረዳዎች ታዳጊዎች ጥሩ ማሳያ ናት። ከአካባቢ የሚወጣ ታዳጊ ለክለቡ የዝውውር ወጪን የሚቀንስ ሲሆን፣ ደጋፊውም በሽንፈት ጊዜ ጭምር የራሴ የሚለው ቡድን እንዲኖረው ያደርጋል።

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ቤዝቦል ቡድኖች በአንድ የውድድር ዘመን 162 መደበኛ ጨዋታዎችን ያደርጋሉ፤ መውረድ የሚባል ነገርም የለም። በመሆኑም ደጋፊዎች ከተጫዋቹና ከአሠልጣኙ እኩል ተጫዋች የሚመርጠውንና ውል የሚዋዋለውን ሥራ አስኪያጅ ይገመግማሉ። እ.ኤ.አ በ2002 ቢሊ ቢን በሥራ አስኪያጅነት ይመሩት የነበረው ኦክላንድ አትሌቲክስ የደመወዝ ወጪው ከኒውዮርክ ያንኪስ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። ሆኖም ሌሎች ዋጋቸውን ዝቅ አድርገው የተመለከቷቸውን ተጫዋቾች በመረጃ አስደግፎ በመምረጥ 103 ጨዋታዎችን አሸንፏል፤ ከእነዚህም 20ው ተከታታይ ድሎች ነበሩ። በማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ቢሰናበትም የዚያ ዓመት ሥራው ዛሬም ድረስ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ይህም ደካማና ጠንካራ አመራር የሚለዩት በገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ጭምር መሆኑን ያመለክታል።

ግምገማው በምን ይመዘን?

ለፍትሐዊ ግምገማ የሚያገለግል መነሻ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። የክለብ ፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት ክለቦችን በአምስት ዘርፎች ይመዝናል፤ እነዚህም ስፖርታዊ፣ የመሠረተ ልማት፣ የሰው ኃይልና አስተዳደር፣ የሕግ እና የፋይናንስ መስፈርቶች ናቸው። ደጋፊው የቡድኑን ዓመት በእነዚህ ዘርፎች ቢመለከት ጥያቄዎቹ ግልጽ ይሆናሉ።

በስፖርታዊው ዘርፍ፦ ክለቡ ታዳጊ ቡድን አለውን? ከታዳጊዎቹስ ስንቱ በዋናው ቡድን ተሰለፉ? በመሠረተ ልማት፦ መለማመጃ ሜዳው ዓመቱን ሙሉ አገልግሎት ይሰጣልን? በአስተዳደር፦ ክለቡን ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚመራ ባለሙያ አለ ወይስ ሥራው በሌላ ኃላፊነት ላይ የተደረበ ነው? የቦርድ አባላት ከመደበኛ ሹመታቸው ሲነሱ የጀመሩት ሥራ ለተተኪው በሰነድ ይተላለፋልን? በሕግ ዘርፍ፦ ውሎች በጽሑፍ ተፈርመው ለሚመለከተው አካል ቀርበዋልን? በፋይናንስ፦ ከደሞዝተኛው የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደዋለ ለጠቅላላ ጉባዔ በኦዲት ሪፖርት ይቀርባልን?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ክለብን መቃወም ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ደጋፊውም በበኩሉ በአንድ ጨዋታ ሽንፈት ተነሳስቶ ከመፍረድ፣ ዳኛንና ተጋጣሚን ከማወክ ተቆጥቦ ቅሬታውን በደጋፊዎች ማኅበርና በጉባዔ ሊያቀርብ ይገባል። አሠልጣኝ በየዓመቱ እንዲቀየር ግፊት የሚያደርግ ደጋፊ ሥራው ፍሬ የሚያፈራበትን ጊዜ እንደሚያሳጥርም ሊገነዘብ ይገባል።

የዞኑ አርሶ አደር የቡና ችግኝ ተክሎ ፍሬ ለመልቀም ዓመታትን ይጠብቃል፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ጥላውን፣ አረሙንና አፈሩን ሳይከታተል አይውልም። የክለብ ሥራም ትዕግሥትንና ክትትልን አጣምሮ የሚጠይቅ ነው። ደጋፊው ትዕግሥት እንዲኖረው የሚጠይቅ አመራር በቅድሚያ ክትትል የሚደረግበትን መረጃ መስጠት ይጠበቅበታል። በመሆኑም ክለብን በቦርድ አባልነት የሚመሩ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ የመሥሪያ ቤታቸውን ዕቅድ አፈጻጸም በሚያቀርቡበት ጥንቃቄ የክለቡንም የዓመት ሒሳብ ለሕዝቡ ቢያቀርቡ፣ ቀጣዩ የውድድር ዘመን የሚጀመረው ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ከመግባታቸው አስቀድሞ ይሆናል።