ፈረስ በአንጎልና በኮምፒዩተር ውስጥ

ዳንግላ ላይ ፈረስ ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም፡፡ አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል፡፡ ታዲያ ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ፣ “ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ፈረስን የት አስቀምጦ ነው የሚያውቀው?” ብሎ ጠየቀኝ፡፡

የሕግ ሰው ነኝና በመጀመሪያ የታየኝ መዝገብ ቤት ነበር፤ መደርደሪያ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ “ፈረስ” የሚል ፋይል፡፡ (ፋይል ሲጠፋ ምን እንደሚባል ባለጉዳይ ሁሉ ያውቀዋል፡፡) አንጎል ግን እንዲህ አይሠራም፡፡ 86 ቢሊዮን ገደማ ከሚሆኑት የነርቭ ሕዋሳቱ ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ይመሰክራሉ፡፡ ሁቤልና ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1959 በድመት አንጎል ላይ እንዳሳዩት፣ አንዱ ሕዋስ ቀጥ ላለ መስመር ሲነቃ ሌላው ዘንበል ላለው ይነቃል፡፡ ፈረሱ ያለው በአንድ ምስክር ቃል ሳይሆን በብዙዎቹ ድምር ነው፡፡ እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ለአንዲት ተዋናይት ፎቶግራፎች ተለይቶ የሚነቃ ሕዋስ በሰው አንጎል ውስጥ ማግኘቱን ገልጿል፤ ይሁንና ተመራማሪዎቹ ተዋናይቱን የሚያውቃት ያ ሕዋስ ብቻ ነው አላሉም፡፡

ኮምፒዩተሩም በዚህ ይመሳሰላል፡፡ ለእሱ ቃል ማለት የቁጥሮች ረድፍ ነው፡፡ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ157 ቋንቋዎች ባወጣው የቃላት ስብስብ ውስጥ አማርኛም አለ፤ እያንዳንዱ ቃል 300 ቁጥሮች ተሰጥተውታል፡፡ ከመካከላቸው “ጋማ” ወይም “ኮርቻ” የሚል ቁጥር ለብቻው አታገኙም፡፡ ቁጥሮቹ የተገኙት ቃሉ በጽሑፍ ውስጥ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል በመገመት ነው፡፡ “ፈረስ” እና “በቅሎ” ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚገቡ ይቀራረባሉ፤ “ፈረስ” እና “ይግባኝ” ይራራቃሉ፡፡

ልጁ ግን ፈረስን ያወቀው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ በኮቴው ድምፅ፣ በላቡ ሽታ፣ ጋማውን ጨብጦ፡፡ ምስልና ድምፅ የሚማሩ ማሽኖችም ዛሬ አሉ፤ ቃልን በተመለከተ ግን ዋናው ስንቃቸው ጽሑፍ ነው፡፡ የኔም ሥጋት እዚህ ላይ ነው፡፡ አዊኛ (በልማድ አገውኛ የምንለው) ከ157ቱ መካከል የለም፡፡ በዞኑ ትምህርት ቤቶች እየተማሩበትም፣ ተጽፎ በኮምፒዩተር የሚገኘው ጥቂት ነው፡፡ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየ ቃል ደግሞ ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ከተሰጡት ብዙም አይርቁም፤ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ የሚመሰክርለት የለም፡፡

ልጁን አያቱ ስለ ፈረስ የምትተርከውን በአዊኛ እንዲጽፍ ነገርኩት፡፡ ሁለት ገጽ ይዞ መጣ፡፡ የኮርቻው ክፍሎች ስም ላይ ከአያቱ ጋር ስላልተስማሙ ቦታውን ባዶ ትቶታል፡፡