ፓኬትን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ፦ ስኪማው ሲሳሳት መልሱም ይሳሳታል



ውድ እህት ወንድሞች፣ በዚህ እትም የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን በኔትወርክ ደኅንነት ላይ ለመሥራት ላሰባችሁ ሁሉ ይጠቅማል ያልነውን ርዕስ ይዘን ቀርበናል።

የኔትወርክ ትራፊክ ተቀድቶ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ፒካፕ በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። ጥቂት ፓኬቶችን በዋየርሻርክ ከፍተን አንድ በአንድ ማየት እንችላለን። የአንድ ሳምንት ትራፊክ ሲሆን ግን በዓይን አይዘለቅም፤ በኤስኪውኤል መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ኩዌሪ ኢንጂን የሚባሉ የመረጃ መጠየቂያ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አፓቼ ድሪል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፒካፕ ፋይልን በቀጥታ ያነባል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፓኬት ማለት ተከታታይ ባይት ነው፤ ኩዌሪ ኢንጂን ደግሞ የሚያውቀው ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው። የትኛው ባይት በየትኛው ዓምድ፣ በምን ዓይነት እንደሚገባ የሚወስነው ስኪማው ነው። መጥፎ ስኪማ ሁልጊዜ ስህተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም። ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ እኛም ጥቃት የለም ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ስለዚህ አራት ነጥቦችን እንመልከት።

አንደኛ፦ ቁጥርን እንደ ቁጥር እናስቀምጥ። የፖርት ቁጥር ከ0 እስከ 65535 ነው። ይህን በጽሑፍ ዓይነት ብናስቀምጠውና ከ1024 በታች ወደሆኑ ፖርቶች የሄዱትን ብንጠይቅ 22፣ 80 እና 443 ከመልሱ ይወጣሉ። ጽሑፍ የሚነጻጸረው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ስለሆነ 4 ከ1 ይበልጣል፤ ስለዚህ 443 ከ1024 ይበልጣል ማለት ነው። የአይፒ አድራሻም እንዲሁ ነው። በጽሑፍ ብቻ ከተቀመጠ በ10 የሚያልቀው አድራሻ በ9 ከሚያልቀው በፊት ይሰለፋል፤ ከዚህ እስከዚህ ያለውን አምጣ የሚል ጥያቄም ይበላሻል።

ሁለተኛ፦ የሌለን ነገር ዜሮ አንበለው። ቲሲፒና ዩዲፒ ፖርት አላቸው፤ ፒንግ የሚጠቀምበት አይሲኤምፒ ግን የለውም። አንድ የአይፒ ፓኬት ሲከፋፈልም ፖርቱ የሚገኘው በመጀመሪያው ቁራጭ ነው። በእነዚህ ረድፎች የፖርቱ ዓምድ ባዶ መሆን አለበት። 0 ብለን ከሞላነው በእውነት ወደ ፖርት 0 ከተላከ ፓኬት ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲህ ያለ ፓኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጠራጥር ነው።

ሦስተኛ፦ ለርዝመት ሁለት ዓምድ እናዘጋጅ። በፒካፕ ፋይል ከእያንዳንዱ ፓኬት በፊት 16 ባይት ይመጣል። በውስጡ ፓኬቱ የተያዘበት ሰዓት፣ የተቀዳው ርዝመትና ፓኬቱ በመስመሩ ላይ ሲያልፍ የነበረው ርዝመት አለ። ቦታ ለመቆጠብ ከእያንዳንዱ ፓኬት የመጀመሪያውን 96 ባይት ብቻ ቀድተን ከሆነ 1500 ባይት የነበረውም 96 ይሆናል። የተቀዳውን ርዝመት ብቻ ደምረን የትራፊኩን መጠን ብናሰላ ብዙው ይጠፋብናል። ሁለቱ ዓምዶች ካሉ ግን የትኛው ፓኬት እንደተቆረጠም በአንድ ጥያቄ እናውቃለን።

አራተኛ፦ ሰዓቱን እንዳለ እንያዝ። ፋይሉ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የአገራችን ሰዓት ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነ ነገር በሠንጠረዡ የሚገኘው ሰኞ 23 ሰዓት ላይ ነው። ዓምዱን በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጠን፣ ወደ አገራችን ሰዓት የምንቀይረው ውጤቱን ስናሳይ ብቻ ይሁን። በቀን ስንመድብም ይህን አንርሳ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የዓምድ ብዛት ነው። ፕሮቶኮሎች ብዙ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መስክ ዓምድ ብንከፍት ሠንጠረዡ በባዶ ቦታ ይሞላል። የሚሻለው ለአብዛኛው ፓኬት የጋራ የሆኑትን፣ ማለትም ሰዓት፣ አድራሻ፣ ፕሮቶኮል፣ ፖርትና ርዝመትን፣ በዋና ዓምድነት መያዝ ነው። እንደ ዲኤንኤስ ያሉትን ዝርዝሮች ደግሞ በአንድ ዓምድ ውስጥ በስምና በዋጋ ጥንድ ማስቀመጥ ይቻላል። አዘውትረን የምንጠይቀው ግን የራሱ ዓምድ ይገባዋል። ለምሳሌ የቲሲፒ ሲን እና አክ ምልክቶች በየራሳቸው እውነት ወይም ሐሰት ሆነው ከተቀመጡ፣ ሲን ኖሮት አክ የሌለውን በመፈለግ ብዙ ፖርቶችን የሚያንኳኳውን አድራሻ በቀላሉ እናገኛለን።

የተበላሸ ፓኬት ሲገጥመንም ንባቡ መቆም የለበትም፤ ፓኬቱም በዝምታ መጣል የለበትም። ረድፉ ይግባ፤ ተበላሽቷል የሚል ምልክት ያለበት ዓምድም ይኑረው።

የፓኬቱ ይዘት የሰዎች መልእክት ሊሆን ይችላል፤ አማና ነው። የኔትወርኩን ኃላፊዎች ሳናስፈቅድ አንቅዳ። ፕሮጀክታችን ሄደሩ ብቻ የሚበቃው ከሆነም ይዘቱን ጭራሽ አናስቀምጥ።

በመጨረሻም፣ ሠንጠረዡን ከመፍጠራችሁ በፊት ፕሮጀክታችሁ የሚጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን መልሱን የሚሰጠውን ዓምድ አስፍሩ። ከዚያም አንድ ፒንግ፣ አንድ የዲኤንኤስ ጥያቄና አንድ የተቆረጠ ፓኬት ያለበት ትንሽ ፋይል አዘጋጅታችሁ፣ የሠንጠረዡን ውጤት በዋየርሻርክ ከምታዩት ጋር አመሳክሩ። ሁለቱ ከተስማሙ ወደ ትልቁ ፋይል መሄድ ትችላላችሁ።