የሚያነክስ ሞተር ሕመሙ እንዴት ይታወቃል

ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅም ወደ አምባሰልና ወደ ውጫሌ በአውቶሞቢል ለሚመላለሱ ቤተ ሰቦች ይጠቅም ዘንድ፣ የቤንዚን ሞተር መንቀጥቀጥና ማነከስ በጀመረ ጊዜ ሕመሙ የሚታወቅበትን መንገድ ልናስረዳ አስበናል። ብዙ ሰው ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥበት ወዲያው ገንዘቡን ይዞ ወደ ዕቃ መደብር ይሮጣል፤ ካንዴላ ይለውጣል፣ ፊልትሮ ይለውጣል፣ ሕመሙ ግን በቦታው ይቀራል። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት ቢያዝ ማን ያመሰግነዋል?

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ እያንዳንዱም ሲሊንደር 400 ጊዜ ይተኩሳል። ከአራቱ አንዱ ሳይተኩስ የቀረ እንደሆነ ምቱ ይጎድላል፣ አካሉም ይንቀጠቀጣል። ስሙ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ በተሰጠው በአምባሰል አገር፣ ከክራር አውታሮች አንዱ ቢላላ በጆሮው የሚለይ ሰው አይታጣምና የሞተሩን ጉድለት መስማትም አያስቸግረውም ብለን እናምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሞተሩ የሚያነክስበት ጊዜ ነው። አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ እየተንቀጠቀጠ በሩጫ ጊዜ የሚስተካከል ከሆነ፣ ከካርቡራቶሩ በታች ወይም ከተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አየር ሾልኮ ይገባ እንደሆነ ይመርመር። በቆመበት ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን የቤንዚን ፊልትሮ መደፈንን ወይም የእሳቱን መድከም መጠርጠር ይገባል።

የአገሩንም ከፍታ መዘንጋት አይገባም። የሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራቶር ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ሞተሩም ጥቁር ጢስ እያወጣ ይታፈናል። ይህ ልክ ማጣት እንጂ በሽታ አይደለም፤ መካኒኩ የቤንዚኑን መጠን ቢቀንስለት ይድናል። በኮምፒዩተር የሚሠሩት ግን መጠኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሕመምተኛውን ሲሊንደር ለመለየት መካኒኩ የየሲሊንደሩን እሳት በየተራ ያቋርጣል። ሲቋረጥ ድምፁ ይበልጥ የሚበላሸው ጤነኛው ነው፤ ቢቋረጥም ባይቋረጥም ለውጥ የማያመጣው፣ እነሆ፣ ሥራ ፈቱ እርሱ ነው። ይህን ግን ለለመደ ሰው መተው ይሻላል፤ የካንዴላ ሽቦ አጥብቆ ይመታልና።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ካንዴላው ይወጣና መልኩ ይታያል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛት፣ በዘይት መራስ የሞተር ዘይት ሾልኮ መግባት፣ መንጣት የቤንዚን ማነስና የሙቀት መብዛት ምልክት ነው። እኛ ይበልጥ የምንወደው ግን አንዲት ሳንቲም የማያስወጣውን ዘዴ ነው፤ ይኸውም የተጠረጠረውን ካንዴላ ከጤነኛው ጋር ማለዋወጥ ነው። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ሽቦው፣ ቦቢናው፣ ቤንዚኑ፣ በመጨረሻም የቫልቩና የፒስተኑ አየር አጥብቆ መያዝ ይመርመር።

ኮምፒዩተር ባለው አውቶሞቢል መመርመሪያው ፒ 0303 ብሎ ቢጽፍ ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ አልተኮሰም ማለት ነው። የሲሊንደሩን ተራ ነገረን እንጂ ምክንያቱን አልነገረንም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕቃ ግዙ የሚል መካኒክ ምክንያቱን ይጠየቅ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረ እንደሆነ ግን፣ ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጢስ መውጫው አልፎ ማጣሪያውን ስለሚያቃጥለው፣ ልጆቹን ጭኖ ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ዳገቱን በግድ ልጨርስ ሳይል ከመንገዱ ዳር አቁሞ ሞተሩን ያጥፋ።