ፕሮሰሰሩን ማን ያዘው?

መገናኛ ካሉት የላፕቶፕ ሱቆች ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ሊኑክስ ከጫንኩበት ወዲህ ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኔም ሁለቴ ፎርማት አስደርጌያለሁ። ሁለቴም ለውጥ አልመጣም።

ፕሮሰሰር አንድ ቋሚ ፍጥነት የለውም። ዩዝድ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኮር አይ 5-8250ዩ መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.4 ይወጣል። እዚያ ላይ ግን ብዙ አይቆይም፤ አራቱም ኮሮች አብረው ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የ15 ዋት ወሰኑ መልሶ ያወርደዋል። ቪዲዮ እያቀነባበረ 2.4 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ሥራ እየበዛበት 400 ወይም 800 ሜጋኸርዝ ላይ ከተቸከለ ግን የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ሊኑክስ ይህን አይደብቅም። ተርሚናል ከፍቶ «ሲፒዩኢንፎ» የሚባለውን ፋይል ማንበብ በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ኮር በዚያች ቅጽበት ስንት ላይ እንዳለ ይናገራል። ታዲያ ማየት ያለባችሁ ከባድ ሥራ አስይዛችሁ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ዝቅ ማለቱ ደግ ነው።

ፍጥነቱን የሚያዝዘው የከርነሉ ክፍል ገቨርነር ይባላል። «ፓወርሴቭ» የሚል ሲያዩ ብዙዎች ጥፋተኛውን ያገኙ ይመስላቸዋል። በአዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ «ፒስቴት» በሚባለው ድራይቨር ሥር፣ ፓወርሴቭ እንደ ሥራው ብዛት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በድሮው ድራይቨር ግን ያው ስም ፕሮሰሰሩን ከመጨረሻው ወለል ላይ ያስረዋል።

ሙቀትም አለ። ቺፑ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይቀንሳል። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሽፋኑን ስትከፍቱ ደግሞ አቧራው በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ተርማል ፔስቱም ደርቆ ሲፈረፈር ታገኙታላችሁ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። የዴል ቻርጀር ክብ ጫፍ መሃል መርፌ የምታክል ፒን አለች። ላፕቶፑን የሚያሠራው ኃይል በእሷ በኩል አይሄድም፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ የሚጠይቀው በእሷ ነው። ፒኗ ከጎበጠች፣ ሽቦዋ ከተበጠሰ፣ ወይም ቻርጀሩ መልስ የሌለው ኮፒ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፤ ማዘርቦርዱም «ፕሮክሆት» በተባለ ምልክት ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል። የምልክቱ ስም «ፕሮሰሰሩ ግሏል» ማለት ነው፤ የእኔው ግን 45 ዲግሪ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እኔ ሳላነበው ቁልፍ ተጭኜ ማለፍ ለምጄ ነበር።

ምልክቱን በትእዛዝ ማፈን ይቻላል። አልመክርም፤ የኃይል መቆጣጠሪያዎቹ በእውነት ሲግሉ የሚጮሁት በዚያው መስመር ነው። ይልቅ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ብቻ አስነሱት። ቁጥሩ ወዲያው ከዘለለ ሶፍትዌሩን አትንኩ።

የእኔን ፒን አንድ የጥገና ልጅ ቻርጀሩን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ በቀጭን መቆንጠጫ አቀናት። መልሶ ሰካው። የባትሪዋ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ላይ 798 ይል የነበረውም 3,390 አለ።