ነጋሪት ሲጎሰም የዘመተው ልጅ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ እዚሁ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላት ጉዳይ ብትፈልግ በጣሊያን በኩል መላላክ ትችላለች ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታዋ ነው ይላል። ጠቡ ከዚህች ቃል ተነሣ።

በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ያን ጊዜ ደመወዝ እየበላ በሰፈር የሚቀመጥ ወታደር ጥቂት ነበር። ተጠባባቂው ጦር አራሹ ራሱ ነው። ሰላም ሲሆን ያርሳል፤ አዋጅ ሲነገር ሞፈሩን ሰቅሎ መሣሪያውን ያነሣል። ስንቁም ከገዛ ጎተራው ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የሸዋው ጦር የተቀጣጠረው እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። ሴቶቹ እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውሃ እየቀዱ አብረው ሄዱ። ልጆችም አልቀሩም። የጌታቸውን ጠመንጃ ይሸከማሉ፣ በቅሎ ይጠብቃሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ።

ከዘመቱት ልጆች አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለደ። ከራስ መኰንን ጦር ጋር ሲዘምት ዕድሜው ገና 12 ዓመት ገደማ ነበር። እኛ በዚያ ዕድሜ ጥጃ ነበር የምንጠብቀው! የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ጦርነቱን በዓይኑ አየ።

ከዚያ ወደ ሩሲያ ሄዶ የመድፍ ትምህርት ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስም ሹመት አገኘ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት አገረ ገዥ፣ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. እንደገና ልትወረን ስትነሣ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። በልጅነታቸው ጠመንጃ ያነሣንባትን አገር በሽምግልናቸው በቃል ገጠሟት።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ሕጉ ምክር ቤት አቆመ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የምክር ቤቱን ሰዎች የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ ለመምረጥ ገና አልደረሰም ተባለ። በሶውን ቋጥሮ ዓድዋ ድረስ በእግሩ የሄደው ገበሬ ለዘመቻ ደርሶ ለምርጫ አልደረሰም ማለት ነው! ይህ ለእኛ አይዋጥልንም።

ሕዝብ እንደራሴውን በድምፁ የመረጠው ከዓድዋ 60 ዓመት አልፎ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ይህን አይተው፣ የሕይወታቸውንም ታሪክ በእጃቸው ጽፈው በ1969 ዓ.ም. አረፉ።